የፒካፕ መኪና ዲፈረንሻልና መቆለፊያው

በክረምት ወራት በበቾ ሜዳ፣ ወይም መረሬ አፈር በተንጣለለበት በሌላ በማናቸውም ስፍራ የተጓዘ ሰው አንድ የተለመደ ትርኢት ሳያይ አይመለስም። እህል የጫነ ፒካፕ መኪና ከጥርጊያው መንገድ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ቆሟል። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንዱ ጭቃውን እየረጨ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ሌላው ጎማ ግን ደረቅ ሣር ረግጦ ሳለ ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ጤናማ ነው፤ ነዳጅ አልጎደለም፤ ጎማውም አልተነፈሰም። ታዲያ መሬት የጨበጠው ጎማ ስለ ምን አይገፋም? መኪናው የጫነው እህል ከሆነ ጉዳቱ የግማሽ ቀን መዘግየት ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ከሆነ ግን ነገሩ ከመዘግየት ያልፋል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከሁሉ አስቀድሞ ዲፈረንሻል የተባለው መሣሪያ ስለ ምን እንዳስፈለገ ማወቅ ይገባል። አንድ መኪና ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያሉት ጎማዎች በውስጥ በኩል ካሉት የበለጠ ርቀት ይጓዛሉ፤ ጎን ለጎን ተሰልፈው የሚዞሩ ወታደሮች ከዳር ያለው ሲሮጥ ከመዞሪያው አጠገብ ያለው በቦታው እንደሚረግጥ ማለት ነው። በግራና በቀኝ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1.50 ሜትር፣ የጎማው ዲያሜትር ደግሞ 75 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። መኪናው ሩብ ክብ ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው 2.36 ሜትር ያህል አብልጦ ይጓዛል። ይህ ርቀት ከጎማው ዙሪያ ጋር እኩል ስለ ሆነ፣ የውጭው ጎማ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሮ መዞር አለበት ማለት ነው። የሚያስደንቀው መታጠፊያው ጠባብም ሆነ ሰፊ ልዩነቱ የማይለወጥ መሆኑ ነው፤ የሂሳብ ትምህርት የሚወድ ተማሪ ይህን በወረቀት ላይ ሊያረጋግጠው ይችላል።

እንግዲህ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን ዘንግ ላይ ቢታሰሩ ኖሮ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ አንዱ ጎማ መሬቱን እየፋቀ መንሸራተት ግድ በሆነበት ነበር። ኦኔሲፎር ፔኬር የተባለ ፈረንሳዊ በ1820ዎቹ ዓመታት መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በእንፋሎት ለሚሄድ ሠረገላ ዲፈረንሻልን የሠራው ይህንኑ ችግር ለማስወገድ ነው።

የመሣሪያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግ መጨረሻው ላይ ፒኞን ከተባለ ትንሽ ጥርሳም መዘውር ጋር ይገናኛል። ፒኞኑ ኮሮና ከተባለው ትልቅ መዘውር ጋር ጥርስ ለጥርስ ተናክሶ የዘንጉን መሾር ወደ ጎማዎቹ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ኮሮናው የታሰረው በአንድ የብረት ቤት ላይ ሲሆን፣ በቤቱ ውስጥ ሁለቱን የጎማ ዘንጎች የሚያገናኙ ትናንሽ መዘውሮች ይገኛሉ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲጓዝ እነዚህ ትናንሾቹ ሳይንከባለሉ ከቤቱ ጋር አብረው ይዞራሉ፤ በመታጠፊያ ላይ ግን እየተንከባለሉ ከአንዱ ጎማ የቀነሱትን ዙር ለሌላው ይጨምሩለታል።

ብዙ ሰዎች፣ ከሾፌሮችም ጭምር፣ «ዲፈረንሻል ኃይሉን ሁሉ ለሚንሸራተተው ጎማ ይሰጣል» ሲሉ ይሰማል። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው። ዲፈረንሻል የሚያበላልጠው ዙርን እንጂ ኃይልን አይደለም፤ ኃይሉን ዘወትር ለሁለቱም እኩል ያካፍላል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ እኩልነት ነው። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ቀንበሩ በመካከሉ በምራን ከሞፈሩ ጋር ስለ ታሰረ፣ ሁለቱ በሬዎች እኩል እስከ ጎተቱ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንደኛው ቢለግም ግን ቀንበሩ ይንጋደዳል፤ የብርቱው በሬ ጉልበትም ሞፈሩን በመሳብ ፈንታ ቀንበሩን በማጣመም ያልቃል። ብርቱው ከለጋሚው የበለጠ ሊጎትት አልቻለም ማለት ነው።

ይህንኑ በቁጥር እንመልከተው። ጭቃ ውስጥ የገባው ጎማ 300 ኒውተን ብቻ፣ ደረቅ መሬት ላይ ያለው ደግሞ 4,000 ኒውተን የመግፋት አቅም ቢኖራቸው፣ መኪናውንም ከጉድጓዱ ለማውጣት 2,000 ኒውተን ቢያስፈልግ፣ ዲፈረንሻሉ ለሁለቱም የሚሰጠው 300፣ 300 ነው። ድምሩ 600 ስለ ሆነ መኪናው አይወጣም። የሞተሩን ጉልበት በእጥፍ ብናሳድገው እንኳ ጭቃው ይበልጥ ይረጫል እንጂ ድምሩ አይጨምርም።

መቆለፊያ የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው ቀንበሩን በሞፈሩ ላይ ቸንክሮ እንዳይንጋደድ እንደ ማድረግ ያለ ሥራ ነው። ሁለቱን የጎማ ዘንጎች አንድ ላይ ስለሚያስራቸው ዙራቸው እኩል ይሆናል፤ ኃይሉ ግን እኩል መሆኑ ቀርቶ እያንዳንዱ ጎማ መሬቱ በፈቀደለት መጠን ይገፋል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ደረቅ መሬት የያዘው ጎማ ብቻውን የሚያስፈልገውን 2,000 ኒውተን ሊሰጥ ይችላል።

መቆለፊያዎች ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው። ያለ ሾፌሩ ትእዛዝ በራሳቸው የሚቆልፉና የሚፈቱ አሉ፤ ርካሽና ቀላል ቢሆኑም በመታጠፊያ ላይ ሲንቋቁና መሪውን ሲያስቸግሩ ይታያል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩም አሉ፤ አንዳንድ የቶዮታ ሃይሉክስ መኪናዎች ይህንን ይዘው ከፋብሪካ ይወጣሉ። ሦስተኛው ዓይነት በታመቀ አየር የሚሠራው ነው። ሾፌሩ በፈለገ ጊዜ ብቻ ስለሚቆልፍ፣ በቀረው ጊዜ ሁሉ መኪናው እንደ ማንኛውም መኪና ስለሚነዳ፣ ለአገራችን ዓይነት መንገድ፣ ማለትም ግማሹ አስፋልት ግማሹ ጭቃ ለሆነ ጉዞ፣ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ አገጣጠሙን በዚህኛው እንከተላለን።

ሥራው የሚጀምረው ከጥንቃቄ ነው። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ፤ መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ የብረት ካቫሌቶ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው። ከዚያም አሮጌው ዘይት ይቀዳል፣ ጎማዎቹ ይወልቃሉ፣ የጎማ ዘንጎቹ ከዲፈረንሻሉ እስኪላቀቁ ወደ ውጭ ይሳባሉ፣ ከካምቢዮ የመጣውም ዘንግ ይፈታል። እንደ ሃይሉክስ ባሉ መኪናዎች ዲፈረንሻሉ ከነኮሮናውና ከነፒኞኑ ከአክስሉ ፊት በኩል በአንድነት ስለሚወጣ፣ ረቂቁን ሥራ በጠረጴዛ ላይ ማከናወን ይቻላል። ክብደቱ ግን ቀላል አይደለምና አንድ ሰው ብቻውን ሊያወርደው አይሞክር።

ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሁለቱን ትላልቅ ኩሽኔታዎች የያዙት መክደኛዎች ከመፈታታቸው በፊት የግራውና የቀኙ ተለይቶ ምልክት ይደረግበታል። በፋብሪካ ሲሠሩ እያንዳንዱ ከመቀመጫው ጋር አንድ ላይ ስለ ተሞረደ፣ ቢቀያየሩ ልክ አይሆኑም። ኮሮናው ከአሮጌው ቤት ይፈታና ወደ አዲሱ የመቆለፊያ ቤት ይዛወራል። ልኩ ጥብቅ ስለ ሆነ በመዶሻ እየደበደቡ ማስገባት ያበላሸዋል፤ ብረት ሲሞቅ ይሰፋልና ኮሮናውን ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ ይበቃል። የፈላ ውሃ ለዚህ ያገለግላል፤ ምንም እንኳ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ የጎደሉት ጥቂት ዲግሪዎች ሥራውን አያሰናክሉም። ብሎኖቹ ከዘይት ጸድተው፣ እንዳይላሉ የሚያደርገው ማጣበቂያ ተቀብቶባቸው፣ አንዱን ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር በማፈራረቅ፣ የመኪናው መመሪያ በሚያዘው ልክ ይጠበቃሉ።

አሁን የሥራው ልብ ወደ ሆነው ክፍል ደርሰናል። ፒኞንና ኮሮና ሲናከሱ በጥርሶቻቸው መካከል ጥቂት ክፍተት ሊኖር ይገባል። በሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል ላይ የተለመደው ልክ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት የራስ ጠጉር ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚሆኑት ያህል ማለት ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ጥርሶቹ ዘይት አጥተው ይግላሉ፣ ይቃጠላሉም። ከሰፋ ደግሞ ነዳጅ በተሰጠና በተለቀቀ ቁጥር እየተጋጩ ይሸረፋሉ። ልኩን በዓይን ማወቅ ስለማይቻል እንደ ሰዓት መርፌ ባለው መለኪያ፣ ኮሮናውን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ፣ በአንድ ስፍራ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን በተለያዩ ስፍራዎች መለካት ያስፈልጋል። በግራና በቀኝ ያሉት ባለ ጥርስ ዳዶዎች ትንሽ በትንሽ እየተዞሩ ኮሮናውን ወደ ፒኞኑ ያቀርቡታል፣ ወይም ያርቁታል፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው በዚያው ልክ መላላት አለበት፤ አለዚያ የኩሽኔታዎቹ ጥብቀት ይዛባል።

መለኪያው ትክክል ነው ካለ በኋላም ሥራው አልተጠናቀቀም። በጥቂት የኮሮናው ጥርሶች ላይ ቀለም ተቀብቶ ፒኞኑ ይዞራል፤ ጥርስ ጥርስን የነካበት ስፍራ ቀለሙ ይነሣል። አሻራው በጥርሱ መካከል ካረፈ መልካም ነው። ወደ ጥርሱ ሥር ወይም ወደ ጫፉ ካደላ የፒኞኑ ጥልቀት ትክክል አይደለም። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ምርመራ እንደ ትርፍ ሥራ ቆጥረው ያልፉታል፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ የኋላ አክስሉ እንደ ውሻ ማላዘን ይጀምራል።

የአየሩ መስመር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ዲፈረንሻሉን በያዘው ብረት ላይ አንድ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከመብሻው የወጣው ብናኝ ከተገጣጠሙት ክፍሎች ጋር እንዳይቀር ይህ አስቀድሞ፣ ቤቱ ባዶ ሳለ ይሠራል፣ በሚገባም ይታጠባል። ቱቦው ከጭስ ማውጫው እንዲርቅና አክስሉ ከፍ ዝቅ ሲል እንዳይወጠር ጥቂት ላላ ብሎ ይታሰራል። በሞተሩ አጠገብ የተተከለው ትንሽ ኮምፕረሰር አየሩን ከ6 እስከ 7 ባር ገደማ ያምቀዋል፤ ሾፌሩ ማብሪያውን ሲጫን አየሩ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ጥርሳም ቀለበት ገፍቶ ይቆልፈዋል።

ሁሉም ከተገጠመ፣ የፍሬን መስመር ተፈትቶ ከነበረም አየሩ ከወጣለት በኋላ፣ የኋላ ጎማዎቹ ገና ከመሬት እንደ ተነሡና ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ እንደ ገባ ሙከራ ይደረጋል። ሞተሩ መጥፋት አለበት። መቆለፊያው ክፍት ሳለ አንዱ ጎማ በእጅ ሲዞር ሌላው ወደ ተቃራኒው ይዞራል። አየሩ ገብቶ ሲቆልፍ ግን ሁለቱም በእጅ አይንቀሳቀሱም።

ለሾፌሩ የሚነገረው ነገር ጥቂት ነው፤ ሆኖም ችላ ሊባል አይገባውም። የሚቆለፈው ጎማው መሾር ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ጭቃው ከመድረሱ በፊት፣ መኪናው ቆሞ ወይም በዝግታ እየሄደ ሳለ ነው። በፍጥነት በሚሾር ጎማ ላይ መቆለፍ ጥርሱን ወይም የጎማውን ዘንግ ሊሰብር ይችላል። በደረቅ አስፋልት ላይ ተቆልፎ መንዳት ደግሞ ያንን አንድ ሙሉ ዙር መንሣት ነውና መኪናው መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይገፋል። ወደ ጎን በሚያዘነብል አንሸራታች መንገድም ላይ አደገኛ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች በአንድነት ሲሾሩ የመኪናውን ጀርባ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጎማ ስለማይቀር ጀርባው ወደ ገደሉ ይንሸራተታል።

ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ የዲፈረንሻሉ ዘይት ተቀድቶ በአዲስ ይተካል። ማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው በላዩ የተለጠፈውን በጣት አሽቶ ማየት ይጠቅማል። እንደ ጥላሸት የደቀቀ ከሆነ የመለማመድ ፍቅፋቂ ነው፤ በጣት የሚቆጠር ቅንጣት ከተገኘ ግን ዲፈረንሻሉ እንደገና ወርዶ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል።