«ዘይት» ስንት ሥራ ይሠራል? ስለ ጠብመንጃ ማጽጃና ማለስለሻ ስያሜዎች

የጦር መሣሪያ አያያዝ መመሪያን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የቃል ማጣት ሳይሆን የአንድ ቃል መብዛት ነው። ይኸውም «ዘይት» የሚለው ቃል ነው። ቆሻሻን የሚያሟሟው፣ የሚፋተጉ ብረቶችን የሚያለሰልሰውና ዝገትን የሚከላከለው ፈሳሽ በምንጩ ቋንቋ ለየራሳቸው ስም እያላቸው፣ በትርጉሙ ሁሉም «ዘይት» ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ይህ መጠቅለል የሚያስከትለውን ጉዳት አመልክተን፣ ይሻላሉ የምንላቸውን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ጠብመንጃ ሲተኮስ በበርሜሉ ውስጥ የሚቀረው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። የባሩድ ጥቀርሻ አለ፤ ከጥይቱ ልባስ ተፍቆ የሚቀር መዳብ አለ፤ ጥይቱ ልባስ የሌለው ከሆነ እርሳስ አለ። ማቀጣጠያቸው ፖታሲየም ክሎሬት ያለበት ጥይቶች ደግሞ ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለውን ጨው ይተዋሉ። ይህ ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል። ጨው በውሃ እንጂ በዘይትም ሆነ በላምባ አይሟሟም። እንግዲህ «በርሜሉን በዘይት አጽዳ» የሚል ትርጉም የደረሰው ሰው፣ መመሪያውን በሚገባ ፈጽሞ ሳለ ጨውን ከዘይቱ ሥር ያስቀረዋል፤ መሣሪያው ከላይ እያብረቀረቀ ከውስጥ ይበላል። የእንግሊዝ ወታደሮች በሊ ኤንፊልድ ጠብመንጃ በርሜል የፈላ ውሃ ያፈሱ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሶቭየት ኅብረት የክላሽንኮቭ መመሪያዎችም ልዩነቱን ጠብቀዋል። ከተኩስ በኋላ በርሜሉ የሚጸዳበትን ውሃ ያለበት ሙሙት «ራስትቮር»፣ የሚቀባውን ደግሞ «ስማዝካ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1977 ከሶቭየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ ብዙ መሣሪያ መግባት እንደ ጀመረ ስናስታውስ፣ ጉዳዩ ለአማርኛ ተርጓሚ የሩቅ አለመሆኑን እንረዳለን።

ከስያሜ አንጻር «ስማዝካ» ልዩ ትኩረት የሚሻ ቃል ነው። ሩስኛው ቃሉን ያወጣው መቀባት ከሚል ግሥ ነው፤ አማርኛም «ቅባት»ን ከ«ቀባ» እንዳወጣ። እንግሊዝኛው «ሉብሪካንት» ግን የሚያዳልጥ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። አንደኛው ስሙን የያዘው ከድርጊቱ ሲሆን ሌላው ከውጤቱ ነው። ከዚህ የተነሣ ከሩስኛ የተረጎመው «ቅባት»፣ ከእንግሊዝኛ የተረጎመው «ማለስለሻ» ይላል፤ አንባቢውም አንዱን ዕቃ ሁለት አድርጎ ይፈልገዋል። በእኛ አስተያየት «ማለስለሻ» የተግባሩ ስም ቢሆን፣ «ቅባት» ደግሞ ጋራዥ ቤት «ግሪስ» ለሚባለው ወፍራም ዓይነት ብቻ ቢጠበቅ ይበጃል። «ማለስለሻ» የእርሻ ማለስለስን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ይሰነዘር ይሆናል፤ ሆኖም ጠብመንጃ በሚወለወልበት ገጽ ላይ ይህን የሚያደናግር አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም።

ሳይገልጹ «ዘይት» ማለትስ? በግዕዝ ወይራንና የወይራን ዘይት የሚያመለክተው ይህ ቃል ዛሬ በየቤቱ የምግብ ዘይት ማለት ነው። የኑግ ዘይት በብረት ላይ በስሱ ተቀብቶ ሲቆይ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይወፍራል፣ እንደ ሙጫም ይጣበቃል፤ ያለሰልሳል የተባለው ያጣብቃል ማለት ነው። ስለሆነም «የመሣሪያ ማለስለሻ ዘይት» ብሎ መግለጽ የቃል ማብዛት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም።

ለ«ሶልቬንት» የትምህርት ቤት ኬሚስትሪ «አሟሚ» የሚል አቻ አለው። ቅርጹ የአድራጊ ስም ነው፤ የፈሳሹን ጠባይ ለመግለጽ ያገለግላል። በጠርሙስ ተሞልቶ ለሥራ ለሚቀርበው ዕቃ ግን የመሣሪያ ስም የሆነው «ማሟሚያ» ከ«መወልወያ»ና ከ«ማለስለሻ» ጋር ይስማማል። ከዚህም በላይ ምን እንደሚያሟሟ መነገር አለበት፤ የጥቀርሻ ማሟሚያ፣ የመዳብ ማሟሚያ እየተባለ። አሞኒያ ያለበት የመዳብ ማሟሚያ የነሐስ ብሩሽንም ይበላል፤ «ማጽጃ» የሚለው ልል ቃል ይህን አያስጠነቅቅም። «ሶልቬንት»ን «ቤንዚን» ብሎ መመለስ ደግሞ ከስሕተትም አልፎ አደጋ ነው፤ ቤንዚን ቅባትን ቢያሟሟም ተኑ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ቃል በመሣሪያ አያያዝ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ኤም 16 ጠብመንጃ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ቬትናም ሲላክ «ራሱን ያጸዳል» የሚል ዝና ተከትሎት ነበር፤ ማጽጃ ዕቃም በበቂ አልቀረበም። ባሩዱ ተለውጦ ጥቀርሻው ሲበዛ፣ ክሮሚየም ያልተለበጠው የጥይት ማረፊያም ሲዝግ፣ ቀለህ እየተቀረቀረ ወታደሮች በውጊያ መካከል መሣሪያቸው እምቢ አላቸው። የአሜሪካ ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1967 ጉዳዩን መርምሯል። ከዚያም በሠዓሊው በዊል አይስነር ሥዕሎች የተሠራ፣ በተራ ሰው አነጋገር የተጻፈ የእንክብካቤ መመሪያ ወጣ።

አንድ አስቸጋሪ ስያሜ ቀርቷል፤ «ሲ.ኤል.ፒ.»። የማጽዳት፣ የማለስለስና የመጠበቅ የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። «ሦስት በአንድ» የነጋዴ አጠራር ስለሆነ አንቀበለውም። ምሕጻሩ በዕቃው ላይ ስለሚነበብ በብድር ተይዞ በመጀመሪያው አገባብ «የሚያጸዳ፣ የሚያለሰልስና ከዝገት የሚጠብቅ» ተብሎ ቢፈታ እንመርጣለን። ስሙ ሦስት ሥራ ቢቈጥርም ከላይ ያነሣነውን ጨው እንደማያሟሟ ግን ተርጓሚው ሊዘነጋ አይገባም።

በመጨረሻ «ወለወለ» የሚለውን ግሥ በ«አጸዳ» እንዳንተካው እናሳስባለን። ባለ ጠብመንጃ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው፤ በጨርቅ የሚሠራውንም ሥራ በትክክል ይለያል። በእነዚህ ስያሜዎች የተቃና የመመሪያ አንቀጽ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «በመሣሪያው ውስጥ ጥይት አለመኖሩ ይረጋገጥ። የጨው ትራፊ የሚተው ጥይት ተተኩሶ እንደ ሆነ በርሜሉ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ይታጠብና ይድረቅ። የጥቀርሻ ማሟሚያ በነካ ጨርቅ ይወልወል፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይደገም። ከዚያም የመሣሪያ ማለስለሻ ዘይት በስሱ ይቀባ።»