ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ
ስለ ቤት ኪራይ የተደረገ ንግግር

የዛሬው ንግግራችን በከተማ ቤት ስለ መከራየት ነው።

«እኛ የራሳችን ቤት አለን፤ ኪራይ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ልጃችሁ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኅታችሁ ለሕክምና ትሄዳለች። እናንተም አንድ ቀን ትሄዱ ይሆናል። ከሐይቅ በደሴ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል ተጉዞ ማደሪያ ያጣ ሰው ይቸኩላል። የቸኮለ ሰው ደግሞ ያላነበበውን ወረቀት ይፈርማል።

ለመሆኑ ቤት የሚከራየው ከማን ነው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መንግሥት የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወስዶ ነበር። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑትን ቤቶች ቀበሌዎች ያዟቸው። «የቀበሌ ቤት» የሚባለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ግን አዲስ ገቢ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከራየው ከግለሰብ ነው። ቤቱ በግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ክፍል ወይም ኮንዶሚኒየም ይሆናል። ቤቱን የሚያሳየው ደላላ ነው። ደላላ የሚከፈለው ቤቱ ሲከራይ ስለሆነ «ቶሎ በሉ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ይላል። እናንተ ግን አትቸኩሉ።

አሁን ሕጉን እንይ። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ያዙ፦

1. ውሉ በጽሑፍ ይሁን።
2. የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም።
3. ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም።
4. ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።
5. ውሉ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። በአዲስ አበባ የሚመዘገበው በወረዳ ነው።
6. አከራዩ በፈለገ ጊዜ ኪራይ አይጨምርም። ጭማሪ የሚኖረው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መጠን ነው።

እስቲ እናስላው። ለምሳሌ የወር ኪራዩ 5,000 ብር ነው እንበል። የ2 ወሩ 10,000 ብር ይሆናል። አከራዩ «የ6 ወር አምጡ» ካለ የጠየቀው 30,000 ብር ነው። ከሕጉ በላይ የጠየቀው 20,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ሕጉን ያላወቀ ሰው ቆጥሮ ይሰጣል።

ወረቀት ሳይመረመር ሲፈረም የሚያመጣውን መዘዝ ለአምባሰል ሰው መንገር አያስፈልግም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል የተዋዋሉት በውጫሌ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይችላሉ» የሚል ነበር። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ጠቡ እየከረረ ሄዶ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደም ፈሰሰበት። አያችሁ? በ«ይችላል» እና በ«ይገባዋል» መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

የቤት ኪራይ ውልም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በጣታችሁ እየተከተላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በመጀመሪያ የቤቱን ካርታ ጠይቁ። ካርታው ላይ ያለው ስምና የአከራዩ መታወቂያ አንድ ነው? ካልሆነ ውክልናው የታለ? ቀጥሎ የኪራዩን ብር በአኃዝም በፊደልም ተመልከቱ። ሁለቱ ካልተስማሙ አትፈርሙ።

ደግሞ በአፍ የተባለውን ሁሉ አጽፉ። ውኃና መብራት የሚከፍለው ማን ነው? ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ድርሻችሁ ስንት ነው? እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ይፈቀዳል? ከአገር ቤት ዘመድ ቢመጣ ማደር ይችላል? በግቢ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጠብ የሚነሣው በእነዚህ ነው። «እናንተማ ቤተሰብ ናችሁ፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ቢሏችሁ በትሕትና «እንዲያም ቢሆን ይጻፍልን» በሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

ያልገባችሁ ቃል ካለ የምታምኑትን ሰው ጠይቁ። «አልገባኝም» ማለት ነውር አይደለም። ከፈረማችሁ በኋላ የውሉን አንድ ቅጂ ተቀበሉ፤ ከባንክ ደረሰኙ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። አለመግባባት ቢነሣ የሚመሰክርላችሁ ያ ወረቀት ነው።

ጥያቄዎች
1. ቅድሚያ ክፍያ ከስንት ወር ኪራይ አይበልጥም?
2. የወር ኪራዩ 4,000 ብር ቢሆን፣ ከፍተኛው ቅድሚያ ክፍያ ስንት ብር ነው?
3. ውሉ በስንት ቀን ውስጥ ይመዘገባል?
4. ከመፈረማችሁ በፊት የምታጽፏቸውን 3 ነገሮች በደብተራችሁ ጻፉ።