ዶቅዶቄዋን የምታውቅ እናት መንገድ ላይ አትቀርም

እህቶች፣ ከቤታችሁ ደጅ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ አጥር ሥር የቆመውን ሞተር ብስክሌት እስቲ ለአንድ አፍታ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ካቴናው ለመጨረሻ ጊዜ ዘይት የተቀባው መቼ ነው? የፊት ፍሬኑ ሲጨበጥ ምን ያህል ከሄደ በኋላ ነው የሚይዘው? የሞተሩ ዘይት ከተለወጠ ወዲህስ ስንት ኪሎ ሜትር ተነድቷል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ወዲያውኑ መልስ ያላት እህት ይህን ጽሑፍ ለጎረቤቷ ብታውሰው ይበቃል። መልሱ ያልመጣላት ግን እስከ መጨረሻው ታንብብልን።

በተለምዶ ዶቅዶቄ የምንለው ሞተር ብስክሌት በአገራችን ለብዙ ዘመን የወንድ መገልገያ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ዛሬ ግን የጤና ባለሙያዋም፣ የግብርና ሠራተኛዋም፣ ሸቀጥ አመላላሿም፣ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራዋ የምትገሰግሰው እናትም ይዛዋለች። ይሁን እንጂ መንዳትን መልመድ አንድ ነገር ሲሆን የሚነዱትን ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ቁልፉን አዙረን እንነሣለን፤ ሲቆም እንገፋለን፤ ጋራዥ ሲደርስም "ይህን ያህል ክፈይ" የተባልነውን ከፍለን እንመለሳለን።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም

አንዲት እናት እናስብ። ሐዋሳ ውስጥ በየማለዳው ዳቦ ተረክባ ለሱቆች ታከፋፍላለች እንበል። ሞተሩ ሦስት ቀን ጋራዥ ከተኛ ባለሱቆቹ ሌላ አምጪ ይፈልጋሉ፤ ደንበኛ ደግሞ አንድ ጊዜ ከሄደ በቀላሉ አይመለስም። የልጆቿ ደብተር መግዣና የቤት ኪራይዋ በዚያ ሞተር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሥራዋን ያስተጓጎለው ግን ምናልባት በጥቂት ማንኪያ ዘይት ሊጠበቅ ይችል የነበረ ካቴና ይሆናል።

ከገንዘቡ የሚብስም አለ። ያቺው እናት ልጇን ከኋላ አስቀምጣ ቁልቁለት ስትወርድ የላላ ፍሬን ቢከዳት ጉዳቱ በብር የሚተመን አይሆንም። ሞተር ብስክሌት እንደ መኪና ዙሪያውን የሚከልል ቆርቆሮ የለውም። ስለዚህ "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው ብሂል ከማንም ይልቅ ለሞተር ነጂ የተነገረ ይመስላል።

እውን የወንድ ሥራ ነውን?

"ብረት መፍታትና መግጠም የወንድ ሥራ ነው" የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የልብስ ስፌት መኪና ያላትን እናት ረስተዋል። ይህች እናት ዘይቱ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ፣ የመኪናው ጠፍር ሲላላ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰማ፣ ክሩ ሲጠብቅ ስፌቱ እንደሚጨማደድ ጠንቅቃ ታውቃለች። በነጭ ጋዝ የሚሠራ ምድጃ ሲታፈንባትም አፉን በቀጭን ሽቦ ወግታ የምትከፍተው እርሷው ናት። የሞተር ካቴና ቢላላ ከስፌት መኪናው ጠፍር፣ የካርቡራቶር ቀዳዳ ቢደፈን ከምድጃው አፍ የሚለየው በመጠኑ ነው እንጂ በጠባዩ አይደለም።

ማስረጃ ለሚፈልግ ደግሞ እንግሊዛዊቷን ቢያትሪስ ሺሊንግን እንጥቀስለት። እ.ኤ.አ. በ1909 የተወለደችው ይህች ሴት ገና በ14 ዓመቷ ሞተር ብስክሌት ገዝታ እየፈታች ትገጥም ጀመር። ከዚያም መሐንዲስ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1934 ብሩክላንድስ በተባለው የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ኖርተን በተሰኘ ሞተር ብስክሌት በሰዓት 106 ማይል፣ ማለትም 170 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ፍጥነት ዞረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች አፍንጫቸውን በድንገት ወደ ታች ሲደፉ ካርቡራቶራቸው ሥራው እየተዛባ ሞተሩ ይታፈን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ለዚህ ችግር ማስታገሻ የተገኘው ከሺሊንግ እጅ ሲሆን፣ እርሱም የቤንዚኑን አወራረድ የምትወስን መሐሏ የተበሳ ትንሽ የብረት ክፍል ነበረች።

በየማለዳው ሁለት ደቂቃ

ከመነሣታችሁ በፊት ቡናው እስኪፈላ ድረስ በሚሆን ጊዜ ውስጥ አራት ነገሮችን ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ጎማ። ሚስማርና ስንጥቅ መኖሩን ዙሪያውን እዩ። ነፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ከጉዞ በፊት ነው። ልኩ በሞተሩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ወይም በመምሪያው መጽሐፍ ይገኛል። ሰው ወይም ዕቃ ስትጭኑ የኋላው ጎማ ተጨማሪ ነፋስ ይፈልጋል። በአውራ ጣት ተጭኖ መገመት ስለሚያሳስት ትንሽ መለኪያ ገዝታችሁ አስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ፍሬን። በሽቦ የሚሠራው የፊት ፍሬን በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ እጀታው ከጫፉ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ባዶውን ከሄደ በኋላ መያዝ አለበት። የኋላው የእግር ፍሬን ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ በላይ ከላላ ጎማው ዘንድ ባለው የፍሬኑ ክንድ ጫፍ ያለችውን ዳዶ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ከዚያም ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ በእጅ አሽከርክሩት፤ ያለ ምንም መታሸት መዞር ይገባዋል። ዳዶዋ እስከ መጨረሻው ተጠብቃ ፍሬኑ አሁንም የሚላላ ከሆነ ሸራው አልቋልና መለወጥ አለበት። በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ግን የፍሬን ዘይቱን ልክ ከማየት አልፋችሁ አትንኩት።

ሦስተኛ፣ መብራት። የፊቱን፣ የኋላውንና ፍሬን ሲያዝ የሚበራውን ቀይ መብራት፣ እንዲሁም ጡሩምባውን ሞክሩ። አራተኛ፣ ሞተሩ ካደረበት ቦታ ሥር መሬቱን እዩ። የዘይት ወይም የቤንዚን ጠብታ ካለ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ አትነሡ።

ካቴና፦ ርካሹ ሥራ፣ ውዱ ጉዳት

አፈር መንገድ ላይ የሚነዳ ሞተር ካቴናው አቧራ ከዘይት ጋር እየለወሰ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላዋል። ስለሆነም በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በክረምት ደግሞ ዝናብና ጭቃ ባገኘው ቁጥር ማጽዳት ያስፈልጋል። በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱት፤ ሲደርቅ የማርሽ ዘይት በየመጋጠሚያው ጠብ አድርጉበት፤ የተረፈውን ጥረጉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹም ወጥቶ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ በሚዞር ካቴና ላይ ጨርቅ መያዝ ጣት ያስቆርጣል። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ልክነቱን ለማየት የካቴናውን የታችኛውን መሥመር መሐሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። በጣም ከላላ ከጥርሱ ይወጣል፤ በጣም ከጠበቀ ደግሞ ኩሺኔታውን ይጎዳል። ለማስተካከል የኋላውን ጎማ አክሰል ዳዶ አላሉ፤ በግራና በቀኝ ያሉትን ማጥበቂያዎች እኩል አዙሩ። በሁለቱም በኩል ያለው ምልክት እኩል ካልሆነ ጎማው ተንጋዶ ይሄዳል። ሲያበቃ የአክሰሉን ዳዶ አጥብቆ ማሰርና የኋላ ፍሬኑን እንደገና መለካት እንዳይረሳ።

ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ

ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው ባለ አራት ምት ሞተር የሚይዘው ዘይት 1 ሊትር ያህል ነው። ይህች አነስተኛ ዘይት ሞተሩንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች። ስለዚህ ቶሎ ትደክማለች፤ ብዙዎቹ አምራቾች ከ2,000 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ እንድትለወጥ ያዝዛሉ። አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱን ከዚያም ቀድሞ ይለውጣል። ፍሪሲዮኑ በዘይቱ ውስጥ ስለሚሠራ አንዳንድ የመኪና ዘይት እንዲንሸራተት ያደርገዋል፤ ለሞተር ብስክሌት የተሠራውን ግዙ። ልኩን ስታዩ ሞተሩን በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ከላይኛው ምልክት ማስበለጥም ከታችኛው ማሳነስም ጉዳት አለው። የወጣውን አሮጌ ዘይት በቦይ ወይም በጓሮ አታፍስሱት፤ በጀሪካን አጠራቅሙና ለጋራዥ ስጡ።

እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ግን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠል ዘይት የሚያስቀምጡበት የተለየ ጋን አላቸው። ይህ ጋን ባዶ ከሆነ ፒስተኑ ተጣብቆ ሞተሩ በጉዞ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ቤንዚን በተቀዳ ቁጥር እርሱም መታየት አለበት።

የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ነክቶትና ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀቱ ግን አይታጠብም፤ አቧራው ይራገፋል፤ ካረጀ ይለወጣል። ፊልትሮ የታፈነበት ሞተር ቤንዚን ይበላል፤ ጥቁር ጭስም ያጨሳል።

ካንዴላ ደግሞ የሞተሩን ጤና የምትናገር ምላስ ናት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፍቱና እዩ። ጫፏ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሁሉ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚኑ በዝቷል ወይም ፊልትሮው ታፍኗል። በዘይት ከራሰች ዘይት ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። ነጭ ሆና ከተለበለበች ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ስትመልሷት በመጀመሪያ በእጅ አስገቡ፤ በቁልፍ የሚጠበቀው በመጨረሻ ነው።

መንገድ ላይ ድንገት ሲቆም ከመግፋታችሁ በፊት በቅደም ተከተል ጠይቁ። ቤንዚን አለ? የቤንዚኑ መክፈቻ ወደ መጠባበቂያው ዞሯል? በመሪው ቀኝ በኩል ያለው ቀይ ማጥፊያ ሳይታወቅ ተነክቷል? የካንዴላው ኮፍያ ወልቋል? ለገፊ ከሚከፈልበት ብልሽት ስንቱ በእነዚህ በአራቱ ውስጥ ይገኛል!

ነጠላ፣ ልጅና ምድጃ

ይህ ክፍል በመምሪያው መጽሐፍ ውስጥ በብዛት የማይገኝ፣ ለእኛ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ነው። የነጠላ ጫፍ፣ ረዥም ሻሽ ወይም ሰፊ ቀሚስ በኋላው ጎማ ሽቦዎች ወይም በካቴናው ውስጥ ሲገባ ለባሿን በአንገቷ ጎትቶ ይጥላል። ከመነሣታችሁ በፊት ነጠላችሁን አጣጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ አስገቡ፤ ከኋላ የምትቀመጠዋንም እህት አስጠንቅቁ። የካቴናውን መሸፈኛም "ያንኳኳል" ብላችሁ አታስወልቁ።

እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስ ሕፃን ከኋላ አይቀመጥም፤ ከፊት በቤንዚን ጋኑ ላይ ማስቀመጥም ልጁን ከአደጋው ፊት ማስቀደም ነው። ሞተሩ ቤት ሲደርስ የጭስ ማውጫው ገና የጋለ ስለሆነ ልጆች በማይጫወቱበት በኩል፣ ጭስ ማውጫውን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አቁሙት። የራስ ቁር የሞት አደጋን በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል፤ ማሰሪያው ካልታሰረ ግን መኖሩ እንደ አለመኖር ነው።

ቤንዚንን በውሃ ላስቲክ ቀድቶ ከማጀት ማስቀመጥ ትልቅ ጥፋት ነው። ተኑ ከባድ በመሆኑ በመሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ከሰል ምድጃው ይደርሳል። ካቴናውን በነጭ ጋዝ ስታጸዱም ቡና ከሚፈላበት ራቁ።

ለመካኒኩ የሚተወው

ሁሉን በእጃችን እንሥራ ማለታችን አይደለም። የሞተሩን ሆድ መክፈት፣ በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን መጠገን፣ የተጣመመ ሻሲ ማቃናት የባለሙያ ሥራ ነው። ነገር ግን ባለሙያው ዘንድ ስትሄዱ ዐውቃችሁ ሂዱ። የሰማችሁትን ድምፅና መቼ እንደሚሰማ ንገሩት፤ ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ፤ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። በአንድ ትንሽ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና የተሠራውን ጻፉ። ደብተር የያዘችን ሴት ማንም "ዘይቱ ባለፈው ወር አልተለወጠም" ብሎ ሊያታልላት አይችልም። ቅን መካኒክም ቢሆን ሥራው ስለሚቀልለት ይደሰታል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር የያዛችሁም "እኛን አይመለከተንም" አትበሉ። የሞተር ዘይትና ካንዴላ ባይኖረውም ጎማው፣ ፍሬኑና መብራቱ ያው ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንዲት ከረጢት ይያዛል። ለሞተሩ ልክ የሆኑ ጥቂት ቁልፎች፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የነፋስ መለኪያና ንጹሕ ጨርቅ ናቸው። አንዷ ብቻዋን መግዛት ቢከብዳት በአንድ ግቢ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ሦስት አራት እህቶች ማኅበርተኛ ሆነው ሊገዙት ይችላሉ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተሮቻችሁን ጎን ለጎን አቁማችሁ ካቴና ስትቀቡ ሴቶች ልጆቻችሁንም አጠገባችሁ አስቀምጧቸው። ቁልፍ ያቀብሏችሁ፤ ዳዶውንም ራሳቸው ያጥብቁ። ነገ በሚነዱት ሁሉ ላይ የሚጠቅማቸው ትምህርት ከዚያ ይጀምራል።