አመድ ለጎመን የሚሆነውና የማይሆነው

ጎመኑን ተባይ ፈጀው ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ አመድ ነስንስበት። በእስራኤል ቤርሼባ፣ ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር፣ ከፎቅ ቤቶቹ ሥር ባለች ቁራጭ መሬት ጎመንና ቃሪያ የሚተክል ሐበሻም ምክሩን ከአገር ቤት ይዞት መጥቷል። አፈሩ ግን አብሮት አልመጣም።

ምክሩ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ደረቅ አመድ እንደ ክሽክሽ ያሉ ገላቸው ለስላሳ የሆኑ ተባዮችን ያደርቃል፤ እስኪረጥብ ድረስ ብቻ። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። በጎጃምና በአዊ ደጋ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወርደው ዝናብ የአፈሩን ካልሲየም እያጠበ ስለሚወስደው መሬቱ ይኮመጥጣል። ገበሬው ኖራ እንዲጨምር የሚመከረውም ለዚሁ ነው። አመድ ደግሞ የጓሮ ኖራ ነው፤ ኮምጣጣነቱን ያበርዳል፣ ፖታሽየም ይጨምራል። አመድ የሚደፋበት ጎመን ይለመልማል ያሉት እናቶች አልዋሹም።

ቤርሼባ ሌላ ምድር ናት። ዝናቧ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አፈሯ ነፋስ ያከማቸው፣ ኖራ የበዛበት ሎዝ ሲሆን የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች 8 አካባቢ ይደርሳል፤ ማለትም ኮምጣጣ አይደለም። የእንጨት አመድ ፒኤች ደግሞ ከ10 ያልፋል። ፒኤች በጨመረ ቁጥር በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ሥሩ ሊመጠው በማይችልበት መልክ ይታሰራል። አዲስ የወጣው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ ይገረጣል። ባለቤቱ “ተባዩ ባሰበት” ብሎ አመዱን ይደግማል፤ ቅጠሉም ይብስበታል።

የአፈሩን ዓይነት ሳይጠይቁ “የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም” እያሉ በቲክቶክ የሚመክሩትን መስማት ያታክታል። ጨውም የተፈጥሮ ነው! የማንጋል (የሥጋ ጥብስ ምድጃ) አመድማ ጭራሽ አይነሣ፤ የፋብሪካ ከሰልና የማቀጣጠያ ትራፊ ለሚበላ ጎመን አይሆንም።

ለክሽክሽ የቅጠሉን ጀርባ በጎማ ውኃ በርታ አድርጎ ማጠብ ይበቃል፤ በየጥቂት ቀኑ መደገም አለበት። ነጭ ዝንብን የሚያግደው በእስራኤል ግሪንሃውሶች የተለመደው፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነው 50 ሜሽ መረብ ነው፤ የወባ አጎበር ዓይኑ ሰፊ ስለሆነ ያሳልፋታል።

የአረሙ ምክርም እንዲሁ ይመረመር። አረም ላይ ጨው መበተን? አረሙ ይሞታል፣ ጨው ግን የሚያጥበው በቂ ዝናብ ስለሌለ እዚያው ይቀራል፤ የሎዙንም ገጽ ያደነድነዋል። ኮምጣጤ ቅጠል ያቃጥላል እንጂ ሥር አይገድልም፤ ሰርዶና እንግጫ ከሥራቸው መልሰው ያቆጠቁጣሉ።

አረምን በፀሐይ ለመቀቀል ጥቁር ፕላስቲክ ይሻላል የሚለውም ልክ አይደለም። ያዕቆብ ካታንና ባልደረቦቹ በእስራኤል ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ዘዴ በበጋው ሙቀት እርጥብ አፈርን በግልጽ ፕላስቲክ መሸፈን ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከቆየ ብዙ የአረም ዘር ይገድላል፤ በቲማቲም ሥር ተጣብቆ የሚኖረውን የአቀንጭራ ዘመድ ጭምር። እንግጫ ግን ይህንንም ይችለዋል፤ ፍሬ መሳይ ሥሩን ቆፍሮ ማውጣት ያስፈልጋል።

ከቤርሼባ በስተ ምዕራብ ባለው ኪቡጽ ሐጸሪም እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው ኔታፊም ለዓለም ያሰራጨው የጠብታ መስኖም አረም ይቀንሳል። ውኃው ተክሉ ሥር ብቻ ስለሚደርስ በበጋ በተክሎቹ መካከል ያለው አፈር ደርቆ ይቆያል።

ቅጠሉ የገረጣበት ሰው እንግዲህ አመዱን ያቁም፤ ችግኝ መሸጫ ሄዶም ለኖራማ አፈር የሚሆን የብረት ኬሌት (ሥሩ ሊመጠው በሚችል መልክ የተዘጋጀ ብረት) ይጠይቅ።