አቃል ቤት አይደለም እንዴ?

የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት አቃል ይባላል። የምትሠራው ሴት ናት፤ ዘንጎቹን አጉብጣ ትተክላለች፣ በእጇ የሠራችውን ሰሌን ታለብሳለች፣ ዙሪያውን በገመድ ትወጥራለች። መንደሩ ሲነሳም እሷው ፈትታ ግመል ላይ ትጭነዋለች። ግመሉና ከብቱ በድርቅ አልቆበት ወደ ከተማ ዳር የተጠጋ ቤተሰብ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ሰሌኑ ግን በሸራ፣ በማዳበሪያና በአሮጌ ልብስ ይተካል፤ ነፋስ እንዳይነጥቀው ድንጋይ ይጫንበታል። ሰዉ ያኔ ቡል ይለዋል። ማዘጋጃ ቤት ሲደርስ ደግሞ ሌላ ስም ይወጣለታል፤ ሕገወጥ ግንባታ።

ይህ ስም በሶማሌ ክልል እንደ ደገሀቡር ላለ ከተማ አይመጥንም። አዲስ አበባ ላይ «የጨረቃ ቤት» ሲባል የሚታሰበን በሌሊት መጥቶ ክፍት ቦታ ላይ ቆርቆሮ አቁሞ የሚያድር ሰው ነው። (ምስኪን ጨረቃ፣ ባበራች ስሟ ጠፋ።) ከጅግጅጋ ወደ ጎዴ በሚወርደው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ግን የተዘረጉት በግጦሽ መሬት ላይ ነው። ሰዉ ወደ ከተማው የመጣውን ያህል ከተማውም ወደ ሰዉ መጥቷል። ሕጉ ሁለቱን አይለይም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ለአርብቶ አደሮች በነጻ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት ሰጥቷል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በከተማ ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ የተያዘ መሬት በ7 የሥራ ቀናት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ እንዲለቀቅ ደነገገ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በፕላን ላይ የተሰመረች አንዲት መስመር ናት። መስመሯ አቃሉ ጋ ሳትደርስ ስትቀር ነዋሪው ባለመብት ነው፤ አልፋው ስትሄድ እሱ ካለበት ሳይነቃነቅ ወራሪ ይሆናል።

ካሳውም ላይ ያው ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የገነባውን «የማይንቀሳቀስ ንብረት» እና በመሬቱ ላይ ያደረገውን ቋሚ ማሻሻያ ነው። አቃል ደግሞ እንዲንቀሳቀስ ሆኖ የተሠራ ቤት ነው። በሐውድ ሜዳ በሲሚንቶ የተለሰነ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ቢርካ፣ ይቆጠራል፤ ውሃው የተቀዳለት ቤተሰብ መኖሪያ አይቆጠርም። እንዲህ ባለ ሕግ ፊት አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? ካለችው ላይ ቆርሶ አንድ ክፍል የብሎኬት ቤት ለማቆም ይቸኩላል። ከዚያ በኋላ «ሕገወጥ ግንባታ ተስፋፋ» ይባላል።

ሰዉ ዳር የቆመው በምርጫ ብቻ እንዳልሆነ የአካባቢው ታሪክ ይናገራል። ደገሀቡር በሚያዝያ 1928 በጣሊያን ጦር ተያዘች፤ በ1969 እና 1970 የሶማሊያ ጦርነት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። በሚያዝያ 1999 በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ በመጣው የመንግሥት ዘመቻ መንደሮች መቃጠላቸውንና ነዋሪዎች መባረራቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2000 ዘግቧል፤ መንግሥት አስተባብሏል። ጥቃቱን ያደረሰው የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻነት ግንባር (ኦብነግ) በጥቅምት 2011 ከመንግሥት ጋር ቢታረቅም የሰላም ፊርማ መንደር አይሠራም። ከዚያ ከ2013 ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ ወቅቶች ቀረ። መንጋው ያለቀበት ቤተሰብ የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የእርዳታ ስንዴ ወደሚገኝበት ተጠጋ።

የከተማ አስተዳደሮች መልስ አላቸው፤ ቀላልም አይደለም። አንደኛው ድሃው ሽፋን ነው የሚል ነው፤ ከኋላው ደላላ አለ፣ አጥር አጥሮ የሚሸጥ ባለገንዘብ አለ፣ ዛሬ ለቡል ካርታ ከተሰጠ ነገ መቶ ቡል ይተከላል። እውነት አለው። ነገር ግን ዶዘር ሲመጣ ደላላው እዚያ የለም፤ ሸጦ ሄዷል። የሚገኘው የመጨረሻው ገዢ ወይም ምንም ያልገዛው ነው። በየካቲት 2011 በለገጣፎ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪዎች ያነሱት አቤቱታ ይኸው ነበር፤ ከገበሬ ገዝተናል፣ ግብር ከፍለናል፣ መብራት ገብቶልናል። መንግሥት በአንድ እጁ ግብር ተቀብሎ በሌላው «አላውቃችሁም» ሲል የሕግ የበላይነት ከየትኛው እጅ እንደሆነ ግራ ያጋባል። ደላላን ከተጠለለ ሰው መለየት ደግሞ የማይቻል ነገር አይደለም፤ አንዱ ባዶ አጥር አለው፣ ሌላው የሚጨስ ምድጃ። አዲስ አበባ ራሷ የ1988ን፣ በኋላም የ1997ን የአየር ካርታ መቁረጫ አድርጋ ከዚያ በፊት የሰፈሩትን ሕጋዊ አድርጋለች። የሊዝ አዋጁም ከፕላን ጋር የሚጣጣሙ ሰነድ አልባ ይዞታዎች በ4 ዓመት ውስጥ መስመር እንዲይዙ ፈቅዶ ነበር። ልምዱ አለ፤ የጎደለው ሸራውን እንደ ቤት የሚቆጥር ዓይን ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ የፕላን ነው፤ መንገድ በየት ይለፍ፣ የጀረር ወንዝ ሲሞላ ማን ይጠየቅ? ጎርፍ ዳር የሰፈረን ማንሳት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥያቄው መነሳቱ ሳይሆን ወዴትና በማን ውሳኔ የሚለው ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ፍርድ ቤት ሁኔታውን ሁሉ ሳያይ ከመኖሪያው እንዳይባረር ይከለክላል። በ1993 የዚያው አገር የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በእነ አይሪን ግሩትቡም ጉዳይ ሲወስን መንግሥት ለሁሉም ወዲያው ቤት ይሥራ አላለም፤ ዛሬ ማደሪያ ላጣው ምንም ያላሰበ የቤት ፕሮግራም ምክንያታዊ አይደለም አለ። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀሉ ሰዎች ካሳና የመዛወሪያ ድጋፍ እንዲያገኙ ያዛል። አገራችን በ2012 ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነትም በድርቅና በግጭት የተፈናቀሉትን ይጨምራል። የሊዝ አዋጁ የሰባት የሥራ ቀን ማስጠንቀቂያ ከእነዚህ ጋር አይስማማም።

ሥራው ከዶዘር በፊት በመዝገብ ይጀምራል። በአንድ በታወቀ ቀን ዳርቻው ይቆጠር፣ የሚኖርበትና የታጠረው ይለይ፣ ጎርፍ የሚያሰጋው በቅድሚያ ይነሳ፣ ለሚነሳው ውሃ ያለው ቦታ በሊዝ ጨረታ ሳይሆን በምደባ ይሰጥ። ቆጣሪው ወደ ቡሉ ሲደርስ «የቤቱ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ባሏ ሊመልስ ይችላል። ዘንጉን ያጎበጠችው፣ ሸራውን የሰፋችው ግን እሷ ናት፤ ስሟ መጀመሪያ ይጻፍ።