አንድ ውኃ፣ ብዙ ስም፦ የጅማን ምድር በቋንቋዎቻችን ስንጠራ



በጅማ ከተማ መካከል የሚያልፈው የአዌቱ ውኃ መጨረሻው የት እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? አዌቱ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፤ ግልገል ጊቤም ከትልቁ ጊቤ ጋር ይቀላቀላል። ጊቤ ከጎጀብ ጋር ተገናኝቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ ኦሞ ይባላል፤ ኦሞም ሄዶ ሄዶ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ይህንንም ሐይቅ በ1888 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚያ የደረሰው ካውንት ቴሌኪ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም «ሩዶልፍ» ብሎት ነበር። በ1975 ዓ.ም. ኬንያ ቱርካና አለችው። ውኃው አንድ ነው፤ ስሙ ግን እንደ ሰዉና እንደ ቋንቋው ይለዋወጣል።

ይህ ነገር ለጂኦግራፊ መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም። በአንድ አዳራሽ ውስጥ በሁለትና በሦስት ቋንቋ የምናመልክ፣ በሌላ ምድር የተጻፈውንም መጽሐፍ ቅዱስ በየቋንቋችን የምናነብ ሰዎች ነንና ጉዳዩ ያገባናል።

ቋንቋ ምድርን ይከፋፍላል

ኮረብታው የት አልቆ ተራራው የት እንደሚጀምር በመሬት ላይ የተሰመረ መስመር የለም። መስመሩን የሚያሰምረው ቋንቋ ነው። ፈረንሳዮች ባሕር የሚገባውን ወንዝ በአንድ ቃል፣ ወደ ሌላ ወንዝ የሚገባውን ደግሞ በሌላ ቃል ይጠራሉ። እኛ በአማርኛ ወንዝና ጅረት ስንል በአብዛኛው የምናየው ትልቅነቱንና ትንሽነቱን ነው፤ መድረሻው ግድ አይሰጠንም።

ዴቪድ ማርክና አንድሩ ተርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በምዕራብ አውስትራሊያ የሚኖሩትን የዪንጂባርንዲ ሕዝብ ቋንቋ አጥንተዋል። በዚያ አገር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ስለዚህ «ወንዱ» የሚለው ቃላቸው የሚያመለክተው ውኃውን ሳይሆን ውኃ የሚሄድበትን መንገድ ነው፤ ደረቅ ቢሆንም ወንዱ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ በኦሮምኛም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። «ለገ» ማለት ወንዝ ነው፤ ለገዳዲና ለገጣፎ የሚሉት ስሞች ውስጥ አለ። በጅማ ዙሪያ ለገ ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው የሚፈስ ውኃ ነው። ወደ ቦረናና ወደ ሰሜን ኬንያ ስትወርዱ ግን ያው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበትን፣ ዝናብ ሲመጣ ግን በጎርፍ የሚሞላውን የወንዝ መሄጃ ያመለክታል። ቋንቋው አንድ፣ ቃሉም አንድ ሲሆን ምድሩ ትርጉሙን ለወጠው።

በቡና ምድር ያሉ ስሞች

ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ፣ ወይም ወደ ሸቤ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ሁሉ ስም ይሰማል። በኦሮምኛ ቱሉ ጉብታ ወይም ተራራ ነው፤ ቡርቃ ምንጭ ነው፤ መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ጨፌ ደግሞ ውኃ የማይለየው ለምለም መስክ ነው። ሽማግሌዎች በጨፌ ላይ ተሰብስበው ይመክሩ ስለነበር ቃሉ ከመሬት አልፎ የሸንጎ ስም ሆነ፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አማርኛም የራሱ አስተያየት አለው። ትንሹን ጊቤ «ግልገል» ሲለው ወንዙን እንደ እናትና ልጅ አየው ማለት ነው፤ ግልገል የበግና የፍየል ልጅ ነውና። ግልገል ዓባይም እንዲሁ። የገደልን ጫፍ «አፋፍ» ስንልም በውስጡ አፍ ይሰማል። ጅማ ያለችበትን ከፍታ ደግሞ ወይና ደጋ እንለዋለን፤ በጥቅሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለው ማለት ነው። ስሙ የወይን ደጋ ማለት ሲሆን በጅማ ግን ወይና ደጋው የሚታወቀው በቡናው ነው። ኦሮምኛው ደጋውን በዳ፣ ቆላውን ገሞጂ፣ መካከለኛውን በዳ ደሬ ይለዋል።

እዚህ ላይ ሰባኪዎች ልብ በሉ! በአማርኛ «ምድረ በዳ» ሰው የማይኖርበት ደረቅ ምድር ነው። በኦሮምኛ «በዳ» ግን ቀዝቃዛና ለምለም ደጋ ነው። ቃላቱ በድምፅ ይቀራረባሉ፤ ሥዕላቸው ግን ተቃራኒ ነው። አማርኛ በትምህርት ቤት ብቻ የተማረች እናት እስራኤል 40 ዓመት በምድረ በዳ እንደተንከራተቱ ስትሰማ የትኛውን አገር ታስባለች? ሳንጠይቃት አናውቅም።

የመጽሐፍ ቅዱስ ምድርና የእኛ ምድር

የዕብራይስጡ ሚድባር እኛ እንደምናስበው አሸዋ ብቻ አይደለም፤ የማይታረስ ቢሆንም በጎች የሚሰማሩበት ምድር ነው። ሙሴ የአማቱን በጎች ያሰማራው እዚያ ነበር (ዘጸ. 3፥1)።

ዕብራይስጥ ዘወትር የሚፈሰውን ትልቅ ወንዝ ናሃር ሲለው፣ በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚደርቀውን ናሐል ይለዋል። ኢዮብ ወንድሞቹን በወንዝ የመሰላቸው በናሐል ነው (ኢዮ. 6፥15-20)። መንገደኛ ሲጠማው ተስፋ አድርጎ ይሄዳል፤ ሲደርስ ግን ውኃ የለም። እንደ ጅማ ባለ ዝናባማ አገር ያደገ ሰው ወንዝ ሲባል የማያቋርጥ ነገር ስለሚያስብ የኢዮብ ምሬት ሊያመልጠው ይችላል። የቦረናው ወንድማችን ግን ለገውን ስለሚያውቅ ወዲያው ይገባዋል። በአንድ ጉባኤ ውስጥ ሁለቱም ካሉ አንዱ ለሌላው አስተማሪ ነው።

በሌላ በኩል አማርኛችን ከዕብራይስጥ ጋር የሚስማማበት ቦታ አለ። ዕብራይስጥ ለባሕርም ለሐይቅም «ያም» ይላል፤ ስለዚህ የገሊላ ባሕር የምንለው ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። የጣና ዳር ከተማን «ባሕር ዳር» ብለን ለምንጠራ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

ከሊሙ የወጣች የቃላት ባለ አደራ

ከዚሁ ከቡና ምድር የወጣች አንዲት እህት በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላት። አስቴር ጋኖ ከሊሙ እናርያ በባርነት ተወስዳ ወደ ዓረብ አገር ስትጫን በ1886 ዓ.ም. ጣሊያኖች መርከቡን ይዘው ነፃ አወጧት። ከዚያም ምጽዋ አጠገብ በኢምኩሉ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም እርሱ ራሱ ገና በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ከወገኖቹ ተለይቶ ስላደገ የቋንቋው ጥልቀት ያስፈልገው ነበር። አስቴር ቃላቱን፣ ተረቱንና ምሳሌውን ከልጅነት ትዝታዋ አወጣች፤ ለመዝገበ ቃላቱም ሠራች። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ዓ.ም. በግዕዝ ፊደል ታተመ።

እስቲ አስቡት፤ ከምድሯ የተነቀለች ልጅ የምድሯን ቃላት በልቧ ተሸክማ ባሕር ዳርቻ ደረሰች። አገሯን ቀሟት፣ ቃሉን ግን አልቀሟትም። በዚያም ብዙዎች በቋንቋቸው ወንጌልን አነበቡ።

ስም ሲያጣላ

ወገኖቼ፣ በዘመናችን የቦታ ስም የጠብ ምክንያት ሆኗል። ቢሾፍቱ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ዘይት፣ አዳማም ናዝሬት ተብለው ነበር፤ ኋላ ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመለሱ። ሊሙ ገነት ሱንቱም ትባላለች። አዲስ አበባ ፊንፊኔም ናት። የጅማ ከተማ ራሷ ሂርማታ ከሚባለው ገበያ ያደገች ናት።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ምን ያሳየናል? አንደኛ፣ ብዙ ስም መኖሩን አይደብቅም። የአርሞንዔምን ተራራ ሲዶናውያን ሲርዮን፣ አሞራውያን ሳኔር እንደሚሉት ይመዘግባል (ዘዳ. 3፥9)። ላባና ያዕቆብም አንዱን የድንጋይ ክምር አንዱ በአራማይስጥ፣ ሌላው በዕብራይስጥ የምስክር ክምር አሉት፤ በሁለት ቋንቋ ጠርተውትም በአንድ ማዕድ በሉ (ዘፍ. 31፥46-47)። ሁለተኛ፣ ይስሐቅ የተደፈኑትን ጉድጓዶች ሲቆፍር አባቱ ባወጣላቸው ስም ጠራቸው (ዘፍ. 26፥18)። የአባቶችን ስም መመለስ ኃጢአት አይደለም። ቢሾፍቱ ወደ ስሟ ስትመለስ «የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ተወሰደብን» ብሎ ማዘን ለአማኝ አይገባም፤ ስሙ ያለው በኢየሩሳሌም አጠገብ ባለው ተራራ ነው። በዚያው ልክ ዕድሜዋን ሙሉ ደብረ ዘይት ስትል የኖረችን እናት እንደ ጠላት ማየትም አይገባም። እርሷ የምትጠራው የኖረችበትን ቤት ነው።

ምን እናድርግ?

1. በሰፈራችሁ ያለውን ጅረት፣ ጉብታና ጨፌ ስሙንና ምክንያቱን አዛውንቶችን ጠይቁ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሩ። ጨፌው ሲደርቅ ቃሉም ከእርሱ ጋር ይሄዳል።
2. የምትሰብኩ ወንድሞችና እህቶች፣ ተራራ፣ ወንዝ፣ ምድረ በዳ ስትሉ ሰሚዎቻችሁ በየቋንቋቸው ምን እንደሚያዩ አስቀድማችሁ ጠይቁ።
3. ወንድማችሁ ቦታውን በሌላ ስም ሲጠራው ከማረም በፊት ትርጉሙን ጠይቁት።

አዌቱ ስሙ ሲለወጥ መንገዱን አያቋርጥም። እኛም በስም ምክንያት ከመለያየት ጌታ ይጠብቀን። ጌታ ይባርካችሁ።