ወጥሮ የያዘን ሐሳብ

አንድ ገበሬ ሚስቱ የታመመ ልጃቸውን ይዛ ከተማ ሐኪም ቤት ሄዳለች። ሦስት ቀን ሆናት። ወሬ የለም። ሰውዬው እህል አልበላ ይለዋል፤ ተቀመጠ ሲሉት ይነሣል፤ መንገድ መንገዱን ያያል። ጎረቤቱ፣ «ምነው? ምን ሆነሃል?» ቢለው፣ «ኧረ ተወኝ፤ ሐሳብ ወጥሮ ይዞኛል» አለው።

ቆዳ ወጥሮ የሚያውቅ ሰው ይህ አነጋገር ቶሎ ይገባዋል። በግ ታርዶ ቆዳው ሲገፈፍ መሬት ላይ ተዘርግቶ ዙሪያውን በችካል ይወጠራል። አለዚያ ይጨማደዳል። የተወጠረ ቆዳ ወዲህም ወዲያም አይልም። የተጨነቀ ሰውም እንዲሁ ነው።

እንግሊዞችም ይህን የመሰለ አነጋገር አላቸው። «አይ አም ኦን ቴንተርሁክስ» ይላሉ። ሁክ ማለት ቆልማማ ሚስማር ነው። ቴንተር ደግሞ ጨርቅ የሚወጠርበት እንጨት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ በእንግሊዝ አገር ከበግ ጠጉር የተሠራ ጨርቅ ቅባቱና እድፉ እንዲለቅ ይታጠብና ይደበደብ ነበር። በዚህ ጊዜ ይኮማተራል። እንዲሁ ቢተዉት ተጨማዶ ይደርቃል። ስለዚህ ሜዳ ላይ አጥር የመሰለ ረጅም እንጨት ያቆማሉ። ከላይና ከታች ባሉት አግዳሚዎች ላይ ቆልማማ ሚስማሮች ይመታሉ። የጨርቁን ጠርዝ በሚስማሮቹ ይዘው፣ እስኪደርቅ ወጥረው ያቆዩታል።

የተጨነቀ ሰውም በዚህ ጨርቅ ተመሰለ። ቶባያስ ስሞሌት የተባለ ደራሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1748 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አነጋገሩ ይገኛል። ዛሬ ጨርቅ የሚወጥረው የፋብሪካ መኪና ነው፤ አነጋገሩ ግን አልጠፋም። ሚስማሩን አይተው የማያውቁ አንዳንድ እንግሊዞች በስሕተት «ቴንደርሁክስ» ይላሉ። ቴንደር ማለት ለስላሳ ነው። ለስላሳ ሚስማር ደግሞ የለም!

ይህ አነጋገር ለማንኛውም ፍርሃት አይሆንም። ጅብ ያየ ሰው ፈራ ይባላል። ዘመድ የሞተበት ሰው አዘነ ይባላል። ቴንተርሁክስ የሚባለው ክፉ ይሁን ደግ ሳይለይለት ወሬ ለሚጠብቅ ሰው ነው። እኛ «ልቤ ተንጠልጥሏል» እንደምንለው ማለት ነው።

ጨርቁ ሲደርቅ ከሚስማሩ ይወርዳል። ሰውም ወሬው ሲደርሰው ያርፋል። በአራተኛው ቀን ለገበሬው ደብዳቤ መጣ። ድሮ ቢሆን ኖሮ የሚያነብለት ሰው ፍለጋ ሲዞር ይመሽበት ነበር። አሁን ግን ራሱ ከፈተው። የሚስቱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ እያየ አነበበ፦ «ልጁ ተሽሎታል። ቅዳሜ እንመጣለን።»

ሁለት መስመር ብቻ ናት። እናንተም ርቃችሁ ስትሄዱ ቤት የሚጠብቃችሁን ሰው አስቡ። ሁለት መስመርም ብትሆን ጻፉለት።